ትራማዶልና የተደበቀው መድኃኒት

ከሰሃላ ወደ ሰቆጣ ለሕክምና የሚመጡ እናት መድኃኒታቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይይዛሉ። ቋጠሮው ሲፈታ ግማሹ ያለቀ የሕመም ማስታገሻ፣ የትራማዶል ስትሪፕ፣ ይወጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ጽሑፉ በላብ የደበዘዘ የመድኃኒት ፖስታ። «ይኼኛውስ ለምን ነው፣ እማማ?» ሲባሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለጭንቀት ነው፣ ልጄ» ይላሉ። ፖስታውን ጨርሶ የማያወጡት ግን ብዙ ናቸው። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ ስለማይወጣው ፖስታ ነው።

የሕመም ማስታገሻና የጭንቀት መድኃኒት አንጎል ውስጥ ጎረቤታሞች መሆናቸው በአይጦች ላይ ታይቷል። አይጧ በሞቀ ሳህን ላይ ትቀመጣለች፤ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ያለው ሰከንድ ይቆጠራል፤ ሳትቃጠልም ትነሳለች። ሞርፊን የተባለውን ማስታገሻ የተወጋች አይጥ ረዘም አድርጋ ትቆያለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተመራማሪዎች ለአይጦች አስቀድመው ሬሰርፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ሰጡ። ሬሰርፒን በነርቮች ውስጥ የተከማቸውን ሴሮቶኒን፣ ኖራድሬናሊንና ዶፓሚን ያራቁታል። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ሞርፊን ጉልበቱ ቀነሰ። በተቃራኒው፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት ኖራድሬናሊንንና ሴሮቶኒንን የሚያበዙ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒቶች የሞርፊንን ማስታገስ ሲያጠነክሩ ታይተዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከአንጎል ግንድ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርዱ ነርቮች አሉ። ሥራቸው ከቁስሉ የሚመጣውን የሕመም መልእክት ገና በመግቢያው ላይ ማፈን ነው፤ የሚያፍኑትም በሴሮቶኒንና በኖራድሬናሊን ነው። ሞርፊን ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እነዚህን ነርቮች መቀስቀስ ነው። ሴሮቶኒን ሁልጊዜ ሕመም ይቀንሳል ማለት ግን አይደለም፤ እንደሚያርፍበት ተቀባይ አንዳንዴ ያባብሰዋል።

ትራማዶል ሁለቱንም ጠባይ በአንድ እንክብል የያዘ መድኃኒት ነው። በአንድ በኩል እንደ ሞርፊን ይሠራል፤ በሌላ በኩል ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊን ከነርቮች መሀል ቶሎ እንዳይመጠጡ ያደርጋል። ስለዚህ ፍሉኦክሰቲን የተባለውን የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትራማዶል ሲጨምርበት ሴሮቶኒን ከልክ ሊያልፍ ይችላል፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መቃዠት፣ ሲብስም እንደሚጥል በሽታ መንዘፍዘፍ። የሚያሳዝነው ደግሞ ፍሉኦክሰቲን ትራማዶልን ወደ ጠንካራ ማስታገሻ የሚለውጠውን የጉበት ኢንዛይም ያዳክማል። ሰውየው አደጋው ጨምሮበት ሕመሙ ግን በወጉ አይታገስለትም፤ አልታገስ ሲለው ሌላ እንክብል ይደግማል።

ይህ ኢንዛይም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የተባለውን ማስታገሻ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን እርሱን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ያልፋል። ጎረቤትን ያሻለ እንክብል ለእኔም ይሆናል የምንለው ነገር ስንቱን ሰው እንደሚያሳስት አስቡት።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ሰቆጣ ያለችበትን ዋግን አልማረም፤ ድርቁም ተከትሎ መጣ። ቁስልና ኀዘን በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ሁለቱ መድኃኒቶችም በአንድ ገላ ውስጥ ይገናኛሉ። ሐኪም አውቆና መጥኖ አንድ ላይ ሊያዝዛቸው ይችላል። የሚያስፈራው ሐኪሙ ሳያውቅ ሲገናኙ ነው፤ የማያውቀውም እኛ የጭንቀት መድኃኒት መውሰድን እንደ ነውር ቆጥረን ስለምንደብቅ ነው። ይህን ነውር ያመጣነው እኛ ነን፤ ልናስቀረውም የምንችለው እኛው ነን።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የጭንቀት፣ የእንቅልፍ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ትራማዶል ከመቀበላችሁ በፊት ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም ንገሩ። የጀመራችሁትንም በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ። በትራማዶል ላይ ጠላም አረቄም አትጠጡ። ትራማዶል የወሰደ ሰው ቢንዘፈዘፍ ወይም ትንፋሹ ቢከብድ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የወሰደውንም ሁሉ አንድም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ተናገሩ።