አምስት ጊዜ ባላንስ

እናንተዬ፣ መኪና ያላችሁም የሌላችሁም ጠጋ በሉና ስሙን! "መኪና" ብለን አፋችንን ሞልተን እንናገር እንጂ የእኛዋ ያው ቪትዝ ናት፤ የቤተሰብ ቪትዝ። ቤተሰብ ስንል እማዬ፣ እኛ ሁለት እህትማማቾችና ትንሹ ወንድማችን ነን። ከሁለታችን አንዳችን አካውንቲንግ፣ አንዳችን ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀናል (ይህን የምትጽፈው የትኛዋ እንደሆነች መቼም አይጠፋችሁም)። መንጃ ፈቃድ ያለን ሁለታችን ብቻ ስለሆንን ቁልፉን በፈረቃ እንይዛለን። ወንድማችን ገና አላወጣም፤ ስለ መኪና ግን ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ቢያንስ እሱም እኛም እንደዚያ ነበር የምናምነው።

ነገሩ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ወንድማችን ዕቁብ ደረሰው። እኛ ስልክ ይገዛል፣ ጃኬት ይገዛል ስንል አንድ ቅዳሜ ከሶማሌ ተራ አራት ጥቁር አሎይ ቸርኬ ከነጎማው አስጭኖ መጣ። 15 ኢንች! የፋብሪካው ባለ 14 ኢንች ብረት ቸርኬ በአንድ ቀን ጡረታ ወጥቶ አልጋ ሥር ገባ። "ለእናንተ ነው፤ እኔማ መቼ እነዳለሁ" አለን። እማዬ እልል አለች፤ እኛም ምን እንበላችሁ፣ ዓይናችን እንባ አቀረረ።

የገጠመለት ሰውዬ ደግሞ እንደ ምርቃት አድርጎ ከየጎማው ኋላ ስፔሰር አስገባበት። ስፔሰር ማለት በሞዞውና በቸርኬው መሀል የሚገባ ጠፍጣፋ ክብ ብረት ነው፤ ሥራው ጎማውን ወደ ውጭ መግፋት ነው። የእኛው ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ነበር። ለምን አስፈለገ? ጎማው ወጣ ብሎ ከፓራፋንጎው እኩል እንዲታይ ነዋ! እውነቱን ለመናገር ደግሞ ያምር ነበር። የሰፈር ልጆች ፎቶ ተነሥተውባታል።

ከተማ ውስጥ ምንም አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መንዳት የቻለ ሰው ዕድለኛ ነውና መኪናዋም ገመናዋን ሸሽጋ ከረመች። ጉዷ የፈላው የአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ነው። የእማዬ ታላቅ እህት የምትኖረው አዳማ ስለሆነ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንወስዳታለን። ቱሉ ዲምቱን አልፈን ፍጥነት ስንጨምር፣ 80 ላይ መሪው እንደ ስልክ መንዘር ጀመረ። 90 ላይ እጃችን እስከ ክርናችን ተንቀጠቀጠ። እማዬ የያዘችው የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ይደንሳል።

"መንገዱ ነው" አለ ወንድማችን ከኋላ።

"መንገዱማ ባለፈው ሰላም ነበር" አለች እማዬ፤ ወዲያው ደግሞ "አይ፣ መንገዱ ይሆናል" ብላ ዝም አለች።

በማግስቱ ጎሚስታ ጋ ሄድን። "ባላንስ ነው" አለን። ጎማዎቹን አውልቆ ማሽኑ ላይ አሽከረከረ፣ እርሳስ ለጠፈ፣ ማሽኑ ዜሮ ዜሮ አለ፣ ከፈልን። ተንቀጠቀጠች። ሁለተኛው ጎሚስታ የመጀመሪያውን ረገመና እርሳሱን ነቅሎ የራሱን ለጠፈ። ተንቀጠቀጠች። ሦስተኛው፣ አራተኛው… አምስት ጊዜ ባላንስ! በመሀሉ አላይመንት አሠራን፣ ቴስቲና አስቀየርን፣ ኩሽኔታውንም ሊያስቀይሩን ነበር። በእያንዳንዱ ቤት ማሽኑ ዜሮ ያሳያል፤ በእያንዳንዱ ጉዞ መሪው ይነዝራል። ማሽን አይዋሽም፣ እጃችንም አይዋሽም። ታዲያ ማን ነው የዋሸው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንፈር። ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ፣ አንድ ወሬ ከአንድ ሰው ሰምተው የሚደጋግሙ አምስት ሰዎች አምስት ምንጭ አይደሉም የሚል ነው። ፈተና ላይ መጥቶልን መልሰነዋል። አምስት ጎሚስታ በአንድ ዓይነት ማሽን አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጠን ግን "አምስት ባለሙያ ያረጋገጠው" ብለን ተቀበልን። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እኛ ጎሚስታ በር ላይ ተሰልፈናል።

ያስነቃን ግን መኪናዋ አይደለችም፤ አክስታችን ናት። መጋቢት ላይ ስልክ ደውላ በጨዋታ መሀል "እናታችሁ በሚኒባስ እየተጋፋች ስትመጣ ምናለ ብታደርሷት?" አለችን። ክው አልን። እማዬ ለካ ለሁለት ጉዞ "ዛሬ ጎረቤት ያደርሰኛል" እያለችን በጠዋት ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዳ ሚኒባስ ትሳፈር ነበር። ወገቧን የሚያማት ሴት! ስናፋጥጣት መጀመሪያ ካደች፤ ኋላ ላይ ወንድማችን አለመኖሩን በዓይኗ አረጋግጣ "ልጄ ዕቁቡን ያወጣበትን ነገር እንዴት ብዬ ፈራሁት ልበል?" አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ የመሪ ንዝረት መሆኑ ቀረ።

ቄራ አካባቢ ቶርኖ ያላቸው አንድ ሽማግሌ የአባታችን ወዳጅ ነበሩ፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ምናልባት የሚያውቁት መካኒክ ይጠቁሙን ይሆናል ብለን ሄድን። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ባላንስ ዘረዘርንላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"መሀሉ ስንት ነው?"

"የምኑ መሀል፣ ጋሼ?"

"የቸርኬው ነዋ! ቀዳዳው።"

ተያየን። ይህን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም ማንንም አልጠየቅንም። ጋሼ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው አንዱን ጎማ ፈቱና በካሊፐር ለኩ። የቸርኬው የመሀል ቀዳዳ 67.1 ሚሊሜትር። ከሞዞው መሀል ወጣ ብሎ የሚታየውና ቸርኬው የሚቀመጥበት ክብ ከንፈር ደግሞ 54.1። ልዩነቱ 13 ሚሊሜትር፤ በዙሪያው ሲካፈል በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ተኩል ባዶ ቦታ።

እንግዲህ ጋሼ ያስረዱንን በእኛ አፍ እንንገራችሁ። የፋብሪካው ቸርኬ መሀሉ 54.1 ስለሆነ ሞዞው ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ዳዶዎቹ ከመታሰራቸው በፊት መሀሉን አግኝቷል። በገበያ የሚሸጡት ቸርኬዎች ግን ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ ተብሎ መሀላቸው ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ 67.1 እና 73.1 ብዙ ጊዜ የሚገጥሙ ልኮች ናቸው። ብሎኖቹ የሚገቡባቸው አራት ቀዳዳዎች ይገጥማሉ (የቪትዝ ብሎኖች የተደረደሩት 100 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ነው)፤ ስለዚህ ገጣሚው "ልኳ ነው" ይላል። መሀሉ ግን አየር ላይ ነው። ቸርኬውን መሀል ላይ የሚያስቀምጡት ሾጠጥ ያለ አፍ ያላቸው ዳዶዎች ብቻ ይሆናሉ። መኪናዋ በክሪክ እንደተነሣች በጥንቃቄ፣ በመስቀለኛ ተራ፣ በትንሽ በትንሹ ቢታሰሩ መሀሉን ሊያገኙ ይችላሉ። በአየር የሚሠራው መፍቻ አንዱን ዳዶ በአንድ ጊዜ ትርርር አድርጎ እስከ መጨረሻው ካሰረው ግን ቸርኬው ወደ አንድ ጎን እንደተገፋ ይቀራል። እንደ እኛ ዓይነቷ ጎማ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ 13 ጊዜ ገደማ ትዞራለች። ከመሀሏ በጥቂቱ እንኳ የሳተች ነገር በሰከንድ 13 ጊዜ ስትመታ አስቡት!

ማሽኑስ ለምን ዜሮ አለ? ይህቺ ናት ያስደመመችን። የባላንስ ማሽን ጎማውን የሚይዘው በመሀል ቀዳዳው ነው፤ ሾጣጣው ብረት ገብቶ በትክክል መሀሉን ያስይዘዋል። መኪናው ላይ ግን ጎማውን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ አልዋሸም፤ ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰው።

ጋሼ ይህን ሁሉ እየሳቁ ነበር ያስረዱን። ሳቃቸው የቆመው ስፔሰሩን ሲያዩ ነው። ጎማውን መልሰው ዳዶውን በእጃቸው እየቆጠሩ አስገቡት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስድስት ዙር ተኩል ላይ ጠበቀ። "ያለ ስፔሰሩ እንቁጠር" አሉ። ወደ አሥር ቀረበ። የብሎኑ ውፍረት 12 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ዙር የሚያስገባው 1.5 ሚሊሜትር ነው። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት ይላሉ ጋሼ፤ ያ ማለት ስምንት ዙር። እኛ እማዬን ከኋላ ጭነን በስድስት ተኩል ነበር የምንበረው። በዚያ ላይ እየተንቀጠቀጠች፤ ንዝረት ደግሞ ዳዶ ያላላል። ከ16ቱ ዳዶዎች ሦስቱ እስኪበቃቸው ላልተው አገኘናቸው።

"ይህን ያሰረው ማነው?" አሉ። ወንድማችን አብሮን ነበር። መሬት መሬት እያየ "እንዲያምር ነው" አለ። ጋሼም ምንም አላሉትም፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ቶርኗቸው ዞሩ።

መድኃኒቱ ቀለበት ነው። ውጩ 67.1፣ ውስጡ 54.1 የሆነ ቀጭን ቀለበት በቸርኬው መሀል ይገባና ያንን ባዶ ቦታ ይሞላዋል፤ ቸርኬው ሞዞው ላይ ልክክ ይላል። የተዘጋጀ ሶማሌ ተራ ጠይቀን አጣን፣ ጋሼ ግን ከአሉሚኒየም ዘንግ አራቱንም ቀረጹልን። ዋጋውን አንናገርም (አካውንታንቷ ከልክላናለች)፤ ከአምስቱ ባላንስ ድምር ግን ያንሳል። ቀለበቱ በእጅ ግፊት ነው መግባት ያለበት፤ መዶሻ ከፈለገ ልኩ አይደለም፣ ከተንቀዋለለም ልኩ አይደለም። ክብደት አይሸከምም፤ መኪናዋን የሚሸከመው የዳዶዎቹ ጭምቀት ነው፤ የቀለበቱ ሥራ እስኪታሰር ድረስ መሀሉን መያዝ ነው። ለዚህ ነው የፕላስቲክ ቀለበትም የሚሠራው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ግን ሊለሰልስ ይችላል። የአሉሚኒየሙ ደግሞ ከጊዜ ብዛት ዝጎ ሞዞው ላይ እንዳይጣበቅ የሞዞው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ስስ ግሪስ ይቀባል፤ ዳዶና ብሎኑ ላይ ግን ግሪስ አይነካም።

ስፔሰሩስ? ጋሼ ስፔሰርን በጭፍኑ አይጠሉም። ጎማው አሞርዛተሩን የሚነካ ከሆነ የግድ ሊያስፈልግ ይችላል። ያኔ ግን ስፔሰሩ ራሱ የሞዞውን ልክ የያዘ፣ በውጭ በኩልም ለቸርኬው የራሱ ከንፈር የወጣለት መሆን አለበት፤ ብሎኖቹም ረዘም ባሉ መለወጥ አለባቸው። ወፍራሙ ደግሞ የራሱ ብሎን ያለውና ሞዞው ላይ ለብቻው የሚታሰር ነው። የእኛው ለሁሉም ይሆናል ተብሎ መሀሉ የተቦረቦረ ተራ ጠፍጣፋ ነበር፤ የሞዞውን ከንፈር ውጦት ስለነበር እሱ እያለ ቀለበቱም የሚይዘው አያገኝም። ጎማችን ደግሞ ያለ እሱም ምንም አይነካም። ስለዚህ ወጣ።

አሳሰሩን በዓይናችን አየን። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመስቀለኛ ተራ፣ መጨረሻ ላይ መኪናዋ መሬት ስትነካ ቶርክ ሬንች በሚባለው መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር ላይ። 100 ኪሎ ሜትር ሳንሞላ ተመልሰን ዳዶዎቹን እንድናስፈትሽ አስጠነቀቁን፤ አስፈተሽን።

የመጀመሪያውን ጉዞ እኛ ሁለታችን ብቻ ሄድን፤ እማዬን መሞከሪያ አናደርጋትም። 80… 90… 100። መሪውን በሁለት ጣት ይዘን ተያየን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እማዬን ይዘን ወጣን፤ ዱከምን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰዳት።

ወንድማችን ለሁለት ሳምንት ኩርፊያ ቢጤ ነበረበት፤ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ "ገቡበት"። አሁን ግን ሰፈር ውስጥ ቸርኬ የሚቀይር ሰው ሲያይ ሮጦ "መሀሉ ስንት ነው?" የሚለው እሱ ነው። ከስፔሰሮቹ አንዱ ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ ይቀመጥበታል።

ሁሉ ነገር አልቆ ቢሆን ደስ ባለን። 110 ላይ መቀመጫው ሥር ትንሽ ዝዝዝ የሚል ነገር ቀርታለች። ጋሼ እንደነገሩን መሪ ላይ የሚሰማው ከፊት፣ መቀመጫ ላይ የሚሰማው ከኋላ ጎማ ነው፤ አሽከርክረው ሲያዩትም የኋላ ግራው ቸርኬ ትንሽ ጠማማ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቀለበት አያድነውም፤ ቸርኬው ይቀየራል። ለዚያም እኛ ሁለታችን ዕቁብ ገብተናል፤ እስኪደርሰን 80 ላይ እንነዳለን። ከእንግዲህ መደበቅ የለም ብለን ለእማዬ ነገርናት።

"እሱማ ይታወቀኛል፤ በግራ በኩል ነው፣ እኔ የምቀመጥበት ሥር" አለችን።