የእንጨት ራኬቶቹ ቤት

ባለፈው ዓመት ልጄን ላርሳት ለንደን ሄጄ ነበር። ገንፎውን ሳገነፋ፣ አጥሚቱን ሳፈላ፣ ሕፃኑን ሳጥብ ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ልጄ፣ «እማዬ፣ አንቺም እኮ እንደኔ ታረስሽ!» አለችና ሕፃኑን በጋሪ ይዘን ወደ ዊምብልደን ወጣን።

ሳውዝፊልድስ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ወርደን ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። የቴኒሱ ሙዚየም የሚገኘው ውድድሩ በሚካሄድበት ግቢ ውስጥ ነው። ስለ ቴኒስ የማውቀው በቴሌቪዥን ያየሁትን ያህል ብቻ ነው። የድሮዎቹን የእንጨት ራኬቶች ሳይ ግን ቆምኩ። መምቻቸው ከዛሬዎቹ በጣም ያነሰ ነው፤ ክብደታቸው ደግሞ ወደ 400 ግራም ይጠጋል። ስስ እንጨት እየታጠፈና በሙጫ እየተጣበቀ የተሠሩ ናቸው። እርጥበት እንዳያጣምማቸው ከጨዋታ በኋላ ብሎን ባለው ማቀፊያ ይጠበቁ ነበር፤ ወጌሻ የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ እንደሚያስረው ማለት ነው። ጥሩ የሚባለው ክራቸው ከከብት አንጀት ይሠራል። ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ እኛም በቀዶ ሕክምና ክፍል ቁስል እንሰፋበት የነበረው ካትገት ከአንጀት የተሠራ ነበርና።

የስዊድኑ ቢዮርን ቦርግ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980 አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው በእንጨት ራኬት ነው። በ1981 የረታው አሜሪካዊው ጆን ማኬንሮም እንጨት ይዞ እዚያ በነጠላ ያሸነፈ የመጨረሻው ወንድ ሆነ። በኒውዮርክ ሃርለም ያደገችው አልቲያ ጊብሰን ደግሞ በ1957 ሽልማቱን ከንግሥት ኤልሳቤጥ እጅ ስትቀበል፣ በዚያ ሜዳ የነጠላ ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ነበረች።

ልቤን የያዘችው ግን ኢቮን ጉላጎንግ ናት። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ልጅ ስትሆን፣ አባቷ በግ ሸላች ነበር። በ1971 ገና በ19 ዓመቷ አሸነፈች። በ1977 ልጅ ወለደች። በ1980 ተመልሳ ክሪስ ኤቨርትን ረታችና ከ1914 ወዲህ ዊምብልደንን በነጠላ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ እናት ሆነች። ባደገችበት በባሬላን ከተማ ዛሬ ከ13 ሜትር በላይ የሚረዝም የራኬት ሐውልት ቆሞላታል።

ልጄ ይህን ከስልኳ ካነበበችልኝ በኋላ ዝም አለች። የማስተርስ ትምህርቷን በእርግዝናዋ ጊዜ አቋርጣ «ከእንግዲህማ አበቃ» ትል ነበር። እኔም «ልጅሽ ይበልጣል» እያልኩ አጽንቼላት ነበር።

ያን ጊዜ ለዓመታት የደበቅሁት ነገር ከአፌ ወጣ። እሷን በወለድኩ ጊዜ ከነርስነት ዲፕሎማዬ በላይ የመማር ዕድል ደርሶኝ ትቼዋለሁ። የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«በአንቺ የተነሳ የቀረብኝ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።»

ሕፃኑ አለቀሰና ጨዋታው ተቋረጠ። ማታ ግን የመመለሻ ቲኬቴ ስንት ወር እንደሚራዘም እንድታጣራልኝ ነገርኳት። እሷም ለመምህሯ ደብዳቤ ጻፈች። ትምህርቱን ትጨርስ አትጨርስ ገና አልታወቀም። ውድ አያቶች፣ አራስ ስንጠይቅ ከገንፎው ሌላ «እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ሂጂ» የሚለውንም ቃል ይዘን ብንሄድ መልካም ነው።