ጆሮዬ የወሰነልኝ ውሳኔ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጆሮ ነው፤ ስለ መስማት ግን አይደለም።

ሥራዬ ዲሽ መትከል ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ ሜዳ ስሄድ ኖሬያለሁ። ከታች ሆነው «ኧረ ቀስ በል!» ሲሉኝ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ፈጅር ላይ ከሱጁድ ቀና ስል ቤቱ ዞረብኝና መስገጃው ላይ ተዘረርኩ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተወኝ። ከዚያ በኋላ ሳጎነብስም፣ አልጋ ላይ ስገላበጥም ይመለስብኝ ጀመር። ለሳምንታት ተቀምጬ ሰገድኩ።

መሰላል መፍራቴ አይገርምም። የገረመኝ ሌላው ነው። በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ መጥቶ «ሱቅ ተገኝቷል፣ ግማሽ ግማሽ አዋጥተን እንከራየው» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስናወራው የነበረ ነገር ነው፤ ብሩም ነበረኝ። «ይቅርብኝ፣ ያከስረናል» አልኩት። ወላሂ ሒሳብ አልሠራሁም! የምወድቅ መሰለኝ፣ በቃ።

በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። (እናንተም የሚያዞራችሁ ካለ ሂዱ፤ ምክንያቱ ብዙ ዓይነት ነው።) በውስጠኛው ጆሮ የጭንቅላትን መዞር የሚለኩ፣ ፈሳሽ ያለባቸው 3 ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። አጠገባቸው ያሉት ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች ተነቅለው ቱቦው ውስጥ ሲገቡ፣ አንጎል «እየዞርክ ነው» የሚል የሐሰት ወሬ ይደርሰዋል። ሐኪሙ አስተኝቶ ጭንቅላቴን ወዲህ ወዲያ አገላበጠና ጠጠሮቹን መለሳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ መርፌም ኪኒንም አላስፈለገኝም።

ነገሩ ስላልወጣልኝ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የሚዛን ወሬ ፍርሃትን ወደሚቀሰቅሱት የአንጎል ክፍሎችም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ ሰዎች ግራ ጆሯቸው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ «እኔን በሽታ አይነካኝም» የሚለው ግምታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። የተቀየረው ጆሮ ነው፤ የተለወጠው ግን ስለ ነገ ያላቸው ግምት።

ጓደኛዬ ሱቁን ከሌላ ሰው ጋር ከፈተ። አንድ ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ «ያኔ እምቢ ያለህ ጆሮዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ታዲያ ጣሪያ ላይ ያለ ገመድ ስትሮጥ የነበረውስ ማን ነበር?»

መልስ አጣሁ። አሁን ገመድ አስሬ ነው የምወጣው።