ጀራኒየም በእናቴ ግቢና በሜሪላንድ በረንዳ

ሜሪላንድ ውስጥ ሜይ ሲገባ፣ በእናቶች ቀን ሰሞን፣ የአበባ መሸጫዎች በሰው ይሞላሉ። ጀራኒየሙ፣ ቤጎኒያው፣ ኮሊየሱ በትሪ በትሪ ተገዝቶ በረንዳ ላይ ይደረደራል። መከሩ ሲያልቅ ውርጭ ይመታዋል፤ ይነቀልና ይጣላል፤ በዓመቱ ደግሞ አዲስ ይገዛል። እኛ ሐበሾችም ይህን ለምደነዋል። እኔ ግን ልንተወው የሚገባ ልማድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከምንጥላቸው አበቦች ብዙዎቹ በተፈጥሯቸው የአንድ ዓመት ዕፅዋት አይደሉም።

ጀራኒየም የደቡባዊ አፍሪካ ተክል ነው፤ ውርጭ በማይበረታበት አገር ግንዱ እየጠነከረ ለዓመታት ይኖራል። ጥላ የሚወደው ኢምፔሸንስ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄደ ነው፤ ሴቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላም የቅርብ ዘመዱ ነው። እዚህ እነዚህን አበቦች የሚገድላቸው ብርዱ እንጂ ዕድሜያቸው አይደለም።

አዲስ አበባ፣ እናቴ ግቢ፣ ጀራኒየም የሚበቅለው በወተት ጣሳና አንገቱ በተቆረጠ ጀሪካን ነበር። አንዱም በገንዘብ የተገዛ አልነበረም። ጎረቤት ቡና ጠጥታ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ትልና «እስቲ ከዚች ከቀይዋ ስጪኝ» ትላለች። እናቴ ጫፉን ቀንጠብ አድርጋ ትሰጣታለች፤ እሷም በፈንታዋ ከነጩ ታመጣላታለች። መትከያው ሰኔ ነው። ሥር የሌለው ቁራጭ በቅጠሉ ውኃ ያጣል፣ ከአፈር ግን እንደ ልቡ መጠጣት አይችልም፤ ፀሐይ ከበረታችበት ሥር ሳያወጣ ይደርቃል። በክረምት ሰማዩ ደመና፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ ቁራጩ ጊዜ ያገኛል። ይህን ለእናቴ ማንም በመጽሐፍ አላስተማራትም፤ ሰኔ ላይ የተተከለ እንደሚጸድቅ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

የመስጠቱን ጥቅም ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አንድ ዓመት የእናቴ ቀይ ጀራኒየም ደረቀ። እሷም ቀድሞ ከሰጠቻቸው ጎረቤቶች ከአንዷ ቤት ሄዳ ቁራጭ ይዛ ተመለሰች። አበባው በየቤቱ ስለተሰጠ ከሰፈሩ አልጠፋም። አትክልተኛ ይህን ዘር መጠበቅ ይለዋል፤ እናቴ ጉርብትና ትለዋለች፤ ለእኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አደይ አበባን ከዚህ ጋር አላነጻጽረውም። እሱ በእርግጥ የአንድ ዓመት ነው፤ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል፣ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ መስከረም ላይ ያብባል፤ የማንንም እጅ አይፈልግም።

ሜሪላንድ ላይ ሰኔን የሚተካው ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ነው። ያላበበ ጤነኛ ጫፍ መርጣችሁ፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ያህል፣ ከአንጓው ሥር በንጹሕ ቢላ ቁረጡ። የታች ቅጠሎቹን አንሱ፤ የአበባ እንቡጥ ካለውም ቀንጥቡት። ጀራኒየሙ ቁስሉ እንዲደርቅለት ጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ አሸዋ ወይም ፐርላይት በበዛበት አፈር ይተከል። በፌስታል አትሸፍኑት፤ እርጥበት ሲበዛበት ግንዱ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ኮሊየስና ኢምፔሸንስ ግን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ እንኳ በአንድ ሁለት ሳምንት ሥር ያወጣሉ። የብርዱን ወራት ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት አቆዩአቸው፤ ብርሃኑ ካነሰ ተራ የኤልኢዲ መብራት ይበቃል። ውኃ ቀንሱ። ጃንዋሪ ላይ ብዙ አበባ አትጠብቁ፤ ዋናው ነገር መሰንበቱ ነው። ከሜይ አጋማሽ በኋላ ቀስ በቀስ ውጭ አለማምዱት።

እዚህ አገር ግን መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ አዳዲስ ዝርያዎች ፓተንት አላቸው። አሜሪካ በ1930 ባወጣችው ሕግ መሠረት ቁራጭ እየቆረጡ ማራባት የሚፈቀደው ለፓተንቱ ባለቤትና እሱ ለፈቀደለት ብቻ ነው፤ አሁን ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይቆያል። የአበባ አዳቃዮች ዓመታት የደከሙበት ሥራ ስለሆነ ሕጉን አከብረዋለሁ። ስለዚህ ከማሰሮው ጋር የሚመጣውን ወረቀት አንብቡ፤ ለመስጠትና ለመቀበል የቆዩ፣ ፓተንት የሌላቸውን ዝርያዎች ምረጡ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ማምጣትም አይታሰብ። በ2020 ከውጭ በገባ የጀራኒየም ቁራጭ ላይ ድንችና ቲማቲም የሚያጠወልግ ባክቴሪያ ተገኝቶ በአሜሪካ ግሪንሃውሶች ብዙ ተክል እንዲወገድ ተደርጓል።

ቁራጭ ቆርጦ መትከል ለእኛ ሰው የእናቶች ወግ ብቻም አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቆቃ አካባቢ ባሉ የአበባ እርሻዎች ብዙ ሴቶች ውለው የሚገቡት ከእናት ተክሎች ላይ ጫፍ ሲቆርጡ ነው። ቁራጩ ሥር ሳያወጣ በአውሮፕላን አውሮፓ ይገባና እዚያ ግሪንሃውስ ውስጥ ይጸድቃል። አንድ ጀርመናዊ በጸደይ የሚገዛውን የበረንዳ አበባ የቆረጠችው ኢትዮጵያዊት ልትሆን ትችላለች።

ጤና አዳምና በሶብላ ከጓሯችን ቆርጠን ስንሰጣጣ ማንም አይገርመውም። አበባውንም እንዲሁ እናድርገው። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ ሳይጀምር ቁራጮቻችሁን አዘጋጁ። ለራሳችሁ ከሚበቃው በላይ ትከሉና የጸደቀውን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለአንዲት እናት፣ ወይም ከፎቁ በታች ላለው ጎረቤት ስጡ። ኮሊየስ ያላችሁ ስፕሪንግ ላይ ንገሩኝ፤ በጀራኒየም እለውጣችኋለሁ።