የባሕር ጉዞ በገርጂ ሲታሰብና በሜሪላንድ ሲታሰብ

ሜሪላንድ ያለነው ሰዎች ስለ ባሕር ማውራት የምንጀምረው በጥር፣ ደጁ በረዶ ለብሶ ሳለ ነው። አንዱ ጓደኛ ቴሌግራም ላይ «ዘንድሮ ኦሽን ሲቲ መቼ እንሂድ?» ብሎ ጣል ያደርጋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ዕረፍትነቱ ይቀርና ሥራ ይሆናል። ማን ከአለቃው ፈቃድ አግኝቷል? ቤቱ ስንት መኝታ አለው? ልጅ በግማሽ ሰው ይታሰባል ወይስ በሙሉ? ሰንጠረዥ ይዘጋጃል፣ ገንዘቡ በዜል ይሰበሰባል፣ እስከ መጋቢት ያልከፈለ ሰው ስሙ በቀይ ይቀለማል። ሐምሌ ደርሶ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የቼሳፒክ ድልድይ በመኪና ሰልፍ እየተንፏቀቅን ስንሻገር፣ ማክሰኞ ምሳ የሚያበስለው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ ተወስኗል። በመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ ቁልፍ እናስረክባለን፤ ሰኞ ሁሉም ሥራው ላይ ነው።

አዲስ አበባ፣ ገርጂ ሰፈር ያሉት ዘመዶቼ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አለ?» ነው። ሐሙስ ማታ የአክስቴ ልጅ ይደውልና «ቅዳሜ ላንጋኖ ብንወርድስ?» ይላል። ሲኤምሲ ያለው መኪናውን ያመጣል፣ ሰሚት ያለችው እህቷን ይዛ ትመጣለች፣ አያት ሰፈር ያሉት ሦስት ነን ብለው አምስት ሆነው ይገኛሉ። ሰው ሲበዛ ሃይሩፍ ይከራያሉ። ሥጋው ዓርብ ማታ ይገዛል፣ ከሰሉ ከመቀመጫ ሥር ይገባል። በቱሉ ዲምቱ በኩል እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን የአዳማ ፍጥነት መንገድ ይይዙና ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ላንጋኖ ናቸው። ውኃው ማኪያቶ ይመስላል፤ በደለሉ ምክንያት ነው እንጂ ለዋና የታወቀ ሐይቅ ነው። ማደሪያው ሞልቶ ከተገኘ «እዚያ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። እሱም ካልሆነ ወደ ሐዋሳ ይቀጥላሉ። የተበላሸ ዕቅድ የለም፤ መጀመሪያውኑ ዕቅድ አልነበረማ።

በዚህ ልዩነት መሳቅ ቀላል ነው። እኛ ግን ቀን ቆጣሪዎች የሆንነው ሥልጡን ስለሆንን አይደለም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ለሚያገለግልበት ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት ደግሞ አንድ ቀን ይጨምርለታል። አሜሪካ ውስጥ የግል ድርጅት ለሠራተኛው አንድም ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ያለን ዕረፍት አሠሪው የፈቀደው ነውና እንደ ደመወዝ እናብቃቃዋለን። የአዲስ አበባው ዘመዴ ደግሞ ሕግ የሰጠውን ቀን ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለታማሚ ያውለዋል። ለራሱ የሚተርፈው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ላንጋኖ የቅዳሜ ባሕር ሆኖ የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ድሮ የቅዳሜ ባሕር ብቻ አልነበረም። የወላጆቻችን ዘመን ሰዎች በአውሮፕላን አሥመራ ይደርሱና፣ ከዚያ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠምዝዘው ወደ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ማለት ነው። ጉርጉሱም ዳርቻ የተነሱትን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አልበማቸው ውስጥ ያስቀመጡ የቦሌና የካዛንቺስ እናቶች ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ያ ባሕር የሌላ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዳግም የተከፈተው የአሥመራ በረራም በመስከረም 2024 ተቋርጧል። ዛሬ ቦሌ ተቀምጦ ጨዋማ ውኃ የሚያምረው ሰው የሚያየው ወደ ደቡብ ነው፤ ወደ ኬንያዋ ሞምባሳና ወደ ታንዛኒያዋ ዛንዚባር።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። በክረምት ልጆቻችሁን ይዛችሁ አዲስ አበባ የምትገቡ ከሆነ፣ ከዘመዶቻችሁ ጋር ጥቂት ቀን በባሕር ዳርቻ ማሳለፍ ከምታስቡት በላይ ቅርብ ነው። ሞምባሳ ከቦሌ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይፈጅም።

ወቅቱም ገጥሞላችኋል። ሐምሌና ነሐሴ ቦሌ መንገዱ ጎርፍ ሲሆን፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ታፍነው «መቼ ነው የምንመለሰው?» ማለት ሲጀምሩ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደረቅና ለዘብ ያለ አየር አለው። እዚያ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ አነስተኛው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ። ስለዚህ የፋሲካን ዕረፍት ባሕር ዳር አሳልፋለሁ ያለ ሰው ዝናብ ሊጠብቀው ይችላል። ገና ላይ ፀሐዩ ደማቅ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው፣ ምክንያቱም ፈረንጁ ሁሉ ከብርድ ሸሽቶ እዚያ ነው። ለእኛ የሚመቸው ክረምቱ ነው። ጳጉሜን መጠበቅ ለሚችል ደግሞ የአውሮፓ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተውለት ይደርሳል።

የትኛው ከተማ? ሞምባሳ ራሷ ትልቅ ወደብ ናት፤ ጥድፊያ አለባት። ረጋ ያለ ቦታ የፈለገ ሰው በሊኮኒ የመኪና ጀልባ ተሻግሮ ወደ ዲያኒ ይወርዳል። ዲያኒ ነጭ አሸዋ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ያለው የኮራል ግድግዳ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ልጅ ላለው ሰው ልብ ያሳርፋል። ጉሬዛዎቹ መኪና እንዳይገጫቸው ከመንገዱ በላይ የገመድ ድልድይ ተዘርግቶላቸዋል። ሌሎቹ ጦጣዎች ግን ድልድይም አይፈልጉ፤ ቁርሳችሁን ከሳህናችሁ ይወስዳሉ። ላሙ ከሁሉም የረጋች ናት፤ በጠባብ መተላለፊያዎቿ የሚያልፈው እግረኛና አህያ ነው፣ አሮጌዋ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ ተመዝግባለች። ወደ ሶማሊያ ድንበር ስለምትጠጋ ግን ከመሄዳችሁ በፊት የወቅቱን የጉዞ ማሳሰቢያ ተመልከቱ። ዛንዚባር ሁሉም አላት፤ ዋጋዋም ከፍ ይላል።

የላንጋኖ ሰው የማያውቀው ነገር ባሕሩ መሄዱን ነው። የዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄ ወይም ጃምቢያኒ ያረፈ ሰው ጠዋት ለዋና ሲወጣ ውኃው ርቆ ሊያገኘው ይችላል፤ ዳርቻው ላይ የሚታየው የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች ናቸው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ባሕሩ ተመልሶ ይሞላል። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ ደግሞ የውኃው መውረድና መውጣት ይበረታል። ሙሉ ቀን መዋኘት የሚፈልግ በሰሜን በኩል ኑንግዊን ወይም ኬንድዋን ይምረጥ። የዲያስፖራው ሰንጠረዥ ለአንድ ነገር የሚጠቅም ከሆነ ለዚህ ነው፤ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የቀናቱን የባሕር ሰዓት እዩ። ውኃው ሲወርድ በባዶ እግር አትራመዱ፤ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የአክስቴ ልጅ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። እኔ በአሜሪካ ፓስፖርቴ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በኢንተርኔት ፈቃድ ማመልከትና 30 ዶላር ገደማ መክፈል አለብኝ። ዕድሜ ልኩን የኤምባሲ ሰልፍ ያየ ሰው በአየር ማረፊያ ከእኔ ቀድሞ ሲያልፍ ምን እንደሚል መገመት አያቅታችሁም። ታንዛኒያ ላይ ግን ሁለታችንም ቪዛ ያስፈልገናል፤ ለአሜሪካ ፓስፖርት 100 ዶላር ነው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ ጊዜ ሰጥቶ አስቀድሞ ያመልክት። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ ታስከፍላለች። ለቤተሰብ ሲባዛ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ዘመድ ይዞ ለሚሄድ የኔ ምርጫ ዲያኒ ነው።

ቢጫ ካርዱን አትርሱ። ከአሜሪካ ስለመጣን አይመለከተንም እንዳትሉ፤ አዲስ አበባ ከሰነበታችሁ የምትነሡት ከኢትዮጵያ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን በፊት መወሰድ አለበት። አንዴ የተከተበ ሰው ምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ልኩን ያገለግላል፤ ድሮ ከአገር ስትወጡ የተከተባችሁ እናቶች ካርዱን ከመሳቢያ ፈልጉት። ወባም ሌላ ጉዳይ ነው። ቦሌ በከፍታዋ ምክንያት ወባ የለባትም፣ ጠረፉ ግን አለበት፤ የአዲስ አበባ ሰውም እንደ እኛው መድኃኒትና አጎበር ይፈልጋል። «እኔ እኮ አበሻ ነኝ» ለትንኝ አይሠራም።

ከሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ ነው፤ በግልጽ ስለማይወራ። ዘመዴ ደመወዙ በብር ነው፣ ቴሌብሩ ዲያኒ ላይ አይገዛለትም፣ ብሩም በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ርቆበታል። ባሕር ዳር የሚከፈለው ደግሞ በሽልንግ፣ በኤምፔሳ ወይም በካርድ ነው። ካርዱ ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዲያስፖራው ባንክ ሆኖ ይሄድና በሁለተኛው ቀን ፊቱ ይጠቁራል፤ ዘመዱ ይህን ያያል፣ እራት ላይ «አልራበኝም» ይላል። ሁለቱም ሳይናገሩ ይመለሳሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመነሣት በፊት መነጋገር። እኛ የተስማማነው ቲኬቱን እነሱ በብር አዲስ አበባ እንዲቆርጡ፣ ማደሪያውን እኔ እንድይዝ ነው። ምግብ በተራ። በሜሪላንድ ዘዴ ለእያንዳንዱ ሻይ ሒሳብ መላክ አገር ቤት ነውር ነው፤ ሁሉንም እኔ ልክፈል ማለትም ሰውን ማሳነስ ነው። ሥራን ከፋፍሎ መውሰድ ግን ማንንም አያሳፍርም።

ሻንጣ ስታዘጋጁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፌስታል አትያዙ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፣ ዛንዚባርም እንዲሁ። ይህ ለማንም ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እንጀራውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ለሚጠቀልል ሕዝብ ግን ከባድ ነው። ድርቆሽ በጨርቅ ከረጢት ይሂድ።

ጉዞው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ፍልሰታ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አሸዋው ድረስ ይከተላችኋል። ጾመኛው ግን አይራብም። ባቄላው በኮኮናት ወተት ይሠራል፣ ሩዝ አለ፣ ካሳቫ አለ። ዛንዚባርና ላሙ በአብዛኛው ሙስሊም ናቸው፤ የዋና ልብስ ለውኃው ዳር ነው፣ ከተማ ሲገባ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የሚነገረው ለእኛ ልጆች ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ያስደስታችኋል። የስዋሂሊ ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ነው። ጀልባው በሁለት ሰዓት ይነሣል ካሉ የእኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ አይደነቁም፤ ግራ የሚጋባው ስልኩን የሚያየው የሜሪላንድ ሰው ነው።

ወረቀቱ አንዴ ካለቀ በኋላ የኔ ፍርድ ለገርጂ ነው። የወቅቱን፣ የክትባቱን፣ የባሕሩን ሰዓትና የማደሪያውን ነገር እንደ ሜሪላንድ ሰው ጨርሱ። ከደረሳችሁ በኋላ ያለውን ቀን ግን አትንኩት። ሰባት ሰዓት ላይ ስኖርክል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግመል ግልቢያ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባ ብሎ የሚሄድ ሰው ከሥራው አልወጣም። የአክስቴ ልጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ከሆቴሉ ጥበቃ ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ እግር ኳስ ሲያወራ የሚውለው ነው ዕረፍት። ዲያኒን የመሰለ ቦታ የተሠራው ለእሱ ነው።

እናንተ ለመጪው ክረምት የምታስቡ ከሆነ ቲኬት ከመፈለጋችሁ በፊት አዲስ አበባ ደውላችሁ «ማን አለ?» በሉ። እመጣለሁ ያሉትን ስም ያዙና የእያንዳንዱ ፓስፖርት የሚያበቃበትን ቀን ጠይቁ፤ ስድስት ወር የማይቀረው ካለ ዛሬውኑ ማደስ ይጀምር። አገር ቤት የሚዘገየው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ በአንድ ሐሙስ ማታ ያልቃል።