የየካና የእንጦጦ ጋራ፤ ውኃዎች የሚለያዩበት ስፍራ

ሰው የሩቁን አገር አይቶ ሲመለስ የባሕሩን ስፋት፥ የከተማውን ብርሃን፥ የፏፏቴውን ድምፅ ያወራል፤ በደጁ ያለውን ግን ቆሞ የሚመለከት ጥቂት ነው። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ 108 ሜትር ያህል የሚወድቀውን ታላቅ ፏፏቴ ለማየት በያመቱ ብዙ ሰው ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ውኃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚደርስ መማር ለሚሻ ሰው፥ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው ጋራ ይበቃዋል።

ባለፈው መስከረም ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመዳችን በቤታችን ሳለ፥ አንድ ቅዳሜ ጧት ሰማዩ ጠርቶ ብናይ፥ ሳናስበው ልጆቻችንን አስከትለን በእግር ወጣን። ስንቃችን ዳቦና ቆሎ ብቻ ነበር። ከየካ ተነሥተን የቀበናን ወንዝ ወደ ላይ ተከተልን፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ለሚወርዱት እናቶችም መንገድ እየለቀቅን ወጣን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና፥ ከገደሉ ሥር ስንደርስ ውኃው በነጭ አረፋ ከአለት ወደ አለት ይወርድ ነበር። ከፍታው ከሁለት ሰው ቁመት አይበልጥም፤ ድምፁ ግን ንግግራችንን አቋረጠው። እንግዳችንም ጫማውን አውልቆ እግሩን ነከረና፥ «ወንድሜ፥ በሰው አገር እንዲህ ያለውን ለማየት ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ እንዳለ ግን የነገረኝ አልነበረም» አለ።

የጋራው ጫፍ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ትንፋሽ ያሳጥራል። በዚያ ስናርፍ ታናሽዋ ልጄ፥ «አባባ፥ ያ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች። እኔም በሁለት ወገን አሳየኋት። ወደ ደቡብ የሚወርደው ዝናም በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች ከአቃቂ ይገባል፤ አቃቂም ከአዋሽ፤ አዋሽም ብዙ አገር አጠጥቶ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ወደ ሰሜን የሚወርደው ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ከሙገር ይገባል፤ ሙገርም ከዓባይ ጋራ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ከሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች በአንድ ክንድ ርቀት ቢወድቁ ዕድላቸው እንዲህ ይለያያል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚሁ ጋራ ላይ፥ በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማችን አስቀድሞ በ1879 ዓ.ም. ከጋራው ወደ ፍል ውኃው ሜዳ መውረድ ጀምራ ነበር፤ እርስዋም ውኃን ተከትላ የወረደች ናት ማለት ይቻላል።

ወደ ማታ ስንመለስ ግን ያው ቀበና ከድልድዩ ሥር ጠቁሮ ይሸት ነበር። ጧት እጅዋን የታጠበችበት ውኃ መሆኑን ልጅቱ ለማመን እንቢ አለች። ውኃውን ያጠቆረው ጋራው አይደለም፤ በመካከል የተቀመጥነው ነን። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳርቻ ለማልማት በ2011 ዓ.ም. ሥራ ተጀምሯል። ሆኖም እያንዳንዱ ቤት ጥራጊውንና እጣቢውን ወደ ወንዝ መጣል ካልተወ፥ ይህ ድካም ፍሬ አይሰጥም። በአቃቂ ዳር ያለው ገበሬ በዚሁ ውኃ አትክልቱን ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበታችን ይመጣል።

ስለዚህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ሆይ፥ በመስከረም አንዲት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ድንጋዩ ያንሸራትታልና መንገዱን የሚያውቅ ሰው አስከትሉ፤ ከላይ ብርድ አለና ጋቢ አትርሱ። የምንጩን ጥራት በዓይኑ ያየ ልጅ፥ አድጎ የቤት ጌታ በሆነ ጊዜ ወንዙን ለማቆሸሽ እጁ አይታዘዘውም።