ለኮሌጅ የቱን ካልኩሌተር እንግዛ?

ዛሬ ስለ ከሻም ስለ ካርድም አልጽፍም።

እዚህ ሶባ አብራን የምትኖር እህታችን ዘንድሮ ኢንጂነሪንግ ልትጀምር ነው። ለመመዝገቢያው ስንት ወር ሰው ቤት እንደሠራች እናውቃለን። አሜሪካ ያለው ወንድሟ «ቲአይ-84 ገዝቼ በሰው እልክልሻለሁ» አላት። ደስ አላት፤ ለምን አይላት! እኔ ግን ይቆይ አልኩ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም ይህንኑ ስለምትጠይቁኝ ምክንያቴን ልጻፈው።

ቲአይ-84 መጥፎ ዕቃ አይደለም። ፕላስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ የአሜሪካ ክፍል ውስጥ የለመዱት እሱን ነው። መምህሩ «ይህን ተጫኑ» ሲል እጃችሁ ላይ ያው ማሽን ቢኖር ይጠቅማል። ሪሴትልመንት ደርሷችሁ እዚያ ኮሌጅ ለምትገቡ አሮጌውም ይበቃል። ብቻ የኮርሱን ወረቀት አስቀድማችሁ አንብቡ፤ እንደ ቲአይ-89 ያለው አልጀብራውን ራሱ ስለሚፈታ የማያስገቡት ፈተና አለ።

እዚህስ? አዲሱ ውድ ነው። አራት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ፕሮግራም የሚያስቀምጥ ማሽን ስለሆነ ፈታኙ በር ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ያኔ ልጅቷ ባልለመደችው፣ በተዋሰችው ካልኩሌተር ልትፈተን ነው። ለስደተኛ የወደቀ ኮርስ ማለት ደግሞ ሌላ ገንዘብ፣ ሌላ ዓመት ነው።

የኔ ምርጫ ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ነው። በብርሃንም በትንሿ ክብ ባትሪም ይሠራል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም። ኢንቴግራል፣ ማትሪክስ፣ ቬክተር፣ ኮምፕሌክስ ቁጥር አለው። ግራፍ አይስልም። ግን ሞድ ብላችሁ 7ን ስትጫኑ ቴብል ይመጣል፤ ፈንክሽኑን፣ መነሻውን፣ መድረሻውንና እርምጃውን ስትሰጡት እስከ 30 ነጥብ ያወጣላችኋል። ነጥቦቹን ካሬ ወረቀት ላይ በእጃችሁ አገናኙ፤ ፈተና ላይም የምትስሉት በእጃችሁ ነው። (በአረብኛ ለተማራችሁ ኤክስ ሲን፣ ዋይ ሷድ ነው፤ ማሽኑ ግን ኤክስን ብቻ ነው የሚያውቀው።) ግራፉን በዓይን ማየት ሲያስፈልግ ጂኦጅብራን ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ነጻ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ይህን ሁሉ ስነግራት ቆይታ፣ ራሷ ለወንድሟ ደወለች፤ ብሩን ለምዝገባ አድርገው አለችው። እሱ ገና አልመለሰም። ስጦታ መላክ ብር ከመላክ እንደሚያኮራ ይገባኛል፣ ግን እባካችሁ መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት።

ገበያ ስትወጡ በካሲዮ ስም የተሠራ አስመሳይ ስላለ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ሺፍት፣ ሞድ፣ 4 ብላችሁ ወደ ራዲያን አዙሩት፤ ከዚያ የሳይን ኤክስን ኢንቴግራል ከዜሮ እስከ ፓይ አሠሩት። 2 ማውጣት አለበት። 0.086 አካባቢ ካወጣ ማሽኑ አልተበላሸም፣ ዲግሪ ላይ ነው ያለው። ይህቺ ዲግሪ ስንቱን ጎበዝ ፈተና ላይ ጥላዋለች!

ተመርቃችሁ 991 መሳቢያ ውስጥ የተዋችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሶባም ጅሬፍም ዘንድሮ የሚጀምሩ ልጆች አሉን። መክደኛው ቢጠፋም፣ ቁጥሩ ቢደበዝዝም ችግር የለም፤ የእኩል ምልክቱ ብቻ ይሥራ።